የሰሌን ሻጯና የመዝገብ ጸሐፊው

ፋውስቲኖ ላራን መጀመሪያ ያየሁት አባቴ በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ሞቱን ላስመዘግብ ማዘጋጃ ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። ጸሐፊ ነበር። ከወረቀቱ ቀና ሳይል ስሜን ጠየቀኝ፤ ኢላሪያ ቴፓስ አልኩት። የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ዘር?» አለ።

በእኛ አገር፣ በኤል ሳልቫዶር፣ ሰው ሲወለድም ሲሞትም ከሁለት አንዱ ይጻፍለት ነበር፤ ኢንዲዮ ወይም ላዲኖ። ኢንዲዮ የምንባለው ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት የነበርነው ነን። ላዲኖ ደግሞ ስፔንኛ ብቻ የሚናገረው፣ ጫማ የሚያደርገው፣ አያቴ ከባሕር ማዶ መጣ የሚለው ነው።

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንደያዘ ቀና አለ። በወገቤ የጠመጠምኩትን ባለ ጥለት ሽርጥ፣ ባዶ እግሬን፣ ከዚያ ዓይኔን አየ። ዓይኔ ላይ ቆየ።

«ያዩትን ይጻፉ» አልኩት።

«ያየሁትን ሁሉ ብጽፍ መስመሩ አይበቃኝም።»

ሐዘንተኛ ባልሆን ኖሮ እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ገበያ ይመጣ ጀመር። እኔና ወንድሜ ሲሪሎ የደንገል ሰሌን እየሠራን እንሸጥ ነበር። በአራት ወር ውስጥ ስምንት ሰሌን ከእኔ ገዛ።

«ስንት አልጋ አለዎት?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንድ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰሌን ምን ያደርጉታል?»

«እናቴም እሱን ነው የምትጠይቀኝ» አለ።

ሰሌኑ ሰበብ ነበር። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በእኛ ቋንቋ የነገሩን ሁሉ ስም ይጠይቀኛል፤ ጨው፣ ዝናብ፣ ትከሻ፣ ከሰሌኑ ጥቅል ውስጥ የሚወጣውን ጊንጥ ሳይቀር። ሲንተባተብ ሴቶቹ ይስቁበት ነበር። «ይሄን ላዲኖ ምላሱን ንብ ነድፎታል እንዴ?» ይላሉ። እሱ አብሯቸው ይስቃል፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን ያለፈውን አንድም ሳይረሳ ይመጣል። ከገና በፊት «እርስዎ» ማለቱን ተውኩ።

እናቱ ዶኛ ቪርቱደስ ግን ሰው ልካ «ልጄን ተይው» አስባለችኝ። ቅድመ አያቷ በመርከብ የመጣ የስፔን መኮንን እንደነበረ ለቄሱም ለሥጋ ሻጩም የምትናገር ሴት ነበረች።

እ.ኤ.አ. በጥር 1932 ቡና ለቃሚው ርሃብ ቢጠናበት ገጀራውን ይዞ ተነሣ። አመፁ ሦስት ቀን አልሞላውም። ከዚያ ሠራዊቱ መጣ። ከዚያ በኋላ ያመፀና ያላመፀ የሚለይ ጠፋ፤ የእኛን ልብስ የለበሰ፣ የእኛ ፊት ያለው፣ ስፔንኛው የሚሰበር ሁሉ ይታደን ጀመር። እኔና ሲሪሎ በራችንን ዘግተን ለአራት ቀን በሹክሹክታ ስንነጋገር ሰነበትን። ውሻው ሲጮህ ትንፋሻችንን እንይዛለን።

በአምስተኛው ቀን ከበሮ እየተመታ ታወጀ፤ ኢንዲዮ የሆነ ወንድ ሁሉ አደባባይ ቀርቦ የይለፍ ወረቀት ይቀበል፣ ወረቀት ያለውን ማንም አይነካውም ተባለ። ሲሪሎ ፊቱን ታጠበ።

«አትሂድ» አልኩት።

«ምን አጥፍቻለሁ? ወረቀቴን ይዤ ለምሳ እመለሳለሁ።»

ብዙም ሳይቆይ ፋውስቲኖ የጓሮውን አጥር ዘሎ ገባ። ላብ አጥምቆታል።

«ሲሪሎ የታለ?»

«ወረቀት ሊቀበል ሄደ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ስም እንድመዘግብ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ወረቀት የሚባል ነገር የለም፣ ኢላሪያ። ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። ጥዬ ወጣሁ።»

ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተኩሱን ሰማነው። መጀመሪያ ከበሮው መስሎኝ ነበር። ወደ በሩ ስሮጥ ወገቤን ጨምድዶ ያዘኝ፤ ክንዱን ነከስኩት፤ አልለቀቀኝም።

በሙዝ ተክሉ መሀል አሹልኮ ቤቱ ወሰደኝ። እናቱ መቁጠሪያዋን ይዛ ቆማ ነበር። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሽርጡን አውልቂና እሳት ውስጥ ክተቺው» አለችኝ። የራሷን ቀሚስና ጫማ ሰጠችኝ። ጫማው እግሬን ጨመቀው። «አፍሽን እንዳትከፍቺ። ስፔንኛሽ ያስገድለናል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ በሰደፍ ተደበደበ። አንድ አስር አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ ገባ። አስር አለቃው ጉንጩ፣ ቅንድቡ ሁሉ ሲሪሎን ይመስል ነበር። ይህ ከጠመንጃው ይልቅ አስፈራኝ።

«ይቺ ማን ናት?»

«የእህቴ ልጅ ናት፣ ከሳንታ አና» አለች ዶኛ ቪርቱደስ። «ትኩሳት ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውሃ ጠየቀ፤ ጠጣ። ረዥም ጊዜ አየኝ። ፋውስቲኖ ከጎኔ ቆሟል። ከዚያ አስር አለቃው ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ልክ እንደ ሟች እናቴ ባለ አነጋገር፣ በቋንቋችን እንዲህ አለኝ፤

«አንቺ ልጅ፣ ትከሻሽ ላይ ጊንጥ ወጥቷል።»

ቆዳዬ ሁሉ ተሳበ። ጥርሴን ነክሼ የውሃውን ጣሳ ጠርዝ አፍጥጬ አየሁ። አልተነቃነቅኩም። ትከሻዬን ያራገፈው የፋውስቲኖ እጅ ነው።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው።

«ላዲኖው ሰማ» አለ አስር አለቃው በስፔንኛ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አነሡ። «ከማን ተማርከው?»

ፋውስቲኖ እኔን ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

«ከእኔ ነው» አለች እናቱ።

ሁላችንም ዞርን። መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ ኢንዲዮ ነበረች። ስትሞት ላዲኖ ናት ብዬ አስጽፌ ቀበርኳት። ሠላሳ ዓመት ለማንም አልተነፈስኩም። ይሄን ልጅ ግን ያባበልኩት እሷ ባባበለችኝ ቋንቋ ነው። ሌላ እሹሩሩ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ወደ አስር አለቃው ጠጋ ብላ በቋንቋችን፣ ዝገት እንደያዘው የበር ማጠፊያ እየጎተተች፣ «አንተንስ ያባበለችህ ማን ናት፣ ልጄ?» አለችው።

ወታደሮቹ ምን እንዳለች አልገባቸውም። ወደ አለቃቸው አዩ። እሱም እነሱን አየ፤ ያኔ እሱም እንደ እኛ እንደፈራ አወቅኩ።

ተነሣ። ቆቡን አደረገ። «ትኩሳቷ እስኪለቃት ከቤት አታስወጧት፣ እትዬ» ብሎ ወጣ።

ኮቴያቸው ራቀ። በኋላ ፋውስቲኖ «እውነት ነው፣ እማዬ?» አለ።

«ውሃ አምጣላት» አለችው። «ጫማውም እግሯን ጨምቆታል፤ አታይም?»

ሲሪሎ የተቀበረበትን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሦስታችን ወደ ሳንታ አና ሸሸን፤ በሰኔ ተጋባን። ቄሱ «ትወጅዋለሽ?» ሲሉኝ ድምፄ እምቢ አለኝ፤ አምስት ወር ሙሉ በእንግዳ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

«አባ፣ ይጠብቋት» አለ ፋውስቲኖ። «እኔ አልቸኩልም።»

ጠበቁኝ። አዎ አልኩ።

አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ለልጆቻችን ቋንቋውን አላስተማርናቸውም፤ ፈራሁ። ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን ወጥ ቤቱን ዘግተን እኔና እሱ እንነጋገርበት ነበር። አማቴ በሕይወት እስካለች አነጋገሩን ታርመው ነበር፤ እስከ መጨረሻውም አልተቃናለትም።

አምና ሞተ። ባለፈው እሑድ ትልቋ ልጄ ሳላያት ወጥ ቤት ገባች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው፣ እማዬ?»

«ከአባትሽ ጋር።»

«ምን ቋንቋ ነው?»

ነገርኳት። በሩን ልዘጋ ስነሣ እጄን ያዘችኝ።

«ክፍት ይሁን» አለች። «እኔንም አስተምሪኝ።»

ከመንገዱ የሰው ድምፅ ይሰማል። ልቤ እንደዚያን ቀን ይመታ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ቃል ጮክ ብዬ ተናገርኩላት።