ሥር የሌለው አረንጓዴ

«አጠጣሽ?» አለ አባቷ በስልክ።

«አጠጣሁ።»

«በደንብ?»

«ጫማዬ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል፣ አባዬ።»

አልሳቀም። ከጀርባው የከባድ መኪናው ሞተር ይንደቀደቃል። አባቷ ሾፌር ነው፤ ወደዚህ አዲስ ቤት ከገቡ ወዲህ ከመንገድ የተመለሰው አንዴ ብቻ ነው። ያኔ ግቢው መሐል ቆሞ፣ ላሽ እንደያዘው ራስ እዚህም እዚያም የተመለጠውን ሳር አየና ፈረደ። ሳሩን የምታሳድገው ልጅቷ ናት። ምንጣፍ ሲመስል አክስቷ ቤት ሄዳ በድሮ ትምህርት ቤቷ ትቀጥላለች። ካልመሰለ እዚሁ ትመዘገባለች። እስከዚያ ከግቢ መውጣት የለም፤ ሰፈሩ ገና አልተለመደም።

ስልኩን እንደዘጋች የጓደኛዋ መልእክት ገባ። «እስረኛዋ፣ መቼ ነው የምትፈቺው?»

ምን ብላ ትመልስ? የጎረቤት ሕንፃ ከቤታቸው ጣሪያ ይበልጣል። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ትልና፣ ተቀመጪ እንዳልተባለች እንግዳ ወዲያው ትሄዳለች። ቤቱን የሠሩት ሰዎች አሸዋና ድንጋይ ሲያራግፉበት የከረሙት መሬት እንደ አስፋልት ጠጥሯል፤ ውሃው አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። እዚያ ላይ የሚመቸው የድንጋይ ሽበት ብቻ ነው፤ በእርጥብ ድንጋይና አፈር ላይ እንደ ጨርቅ የሚነጠፈው፣ ሥር የሌለው አረንጓዴ ነገር። ባጠጣች ቁጥር እሱ ይሰፋል፤ ሳሩ ይሸሻል።

ይህን ለአባቷ ነግራው ነበር። «አባዬ፣ ውሃው ነው የሚያጠፋው። መሬቱ መቆፈር አለበት።»

«ልታስተምሪኝ ነው? ውሃ ያልጠጣ ምን ይበቅላል? አጠጪ አልኩ፣ አጠጪ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

ይህ ተረት ሆዷ ውስጥ እንደ ፍም ተቀምጧል። ያወጣው ሰው መቼም ወላጅ እንጂ ልጅ ሆኖ አያውቅም። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ተረት አለው፤ ልጅ ሲሳሳት ያለው ቅጣት ብቻ ነው። ይጥፋ የተባለውን ልጅ ግን ማን ጠየቀው? የወለዱት እዚህ የውሃ ጎማ ይዛ ቆማለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

«ሚጢጢ!» አለ ታላቅ ወንድሟ ከፎቁ መስኮት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ይህ ስም አልለቃትም። «ነይ እስቲ ከዚህ እዪው። ሌላ ግቢ ነው የሚመስለው።»

ወጥታ አየች። እውነትም ከላይ ሲታይ መላጣው ሁሉ ተሸፍኗል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል፣ ለዓይን የሚለሰልስ አረንጓዴ። ስልኳን አወጣች። ፎቶውን አነሳችና ሥሩ «አረንጓዴ ሆኗል» ብላ ጽፋ ለአባቷ ላከችው።

ውሸት አልጻፈችም። ሳር ነው አላለችም።

የአባቷ ድምፅ ወዲያው መጣ፤ ሞተሩን እንኳ አጥፍቶ ነው የሚናገረው። «ምንጣፍ እኮ ነው! የኔ ልጅ! ዕድሜዬን ሙሉ በተከራየሁበት ሁሉ ‹ሳሩን እንዳትረግጡ› ስባል ኖሬያለሁ። አሁን በባዶ እግሬ ነው የምንሸራሸርበት። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አክስትሽም ጋ ራሴ አደርስሻለሁ።»

ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «የድንጋይ ሽበት ላክሽለት አይደል? የራሱን ሽበት በመቀስ ሲያሳድድ ኖሮ የግቢውን ሊስመው ነው።»

«ዝም በል።»

«እኔ ምን ቸገረኝ። ብቻ ጫማውን ሳያወልቅ እብስ በይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋ በር ላይ ቆሞ ነበር። አባቷ መንገድ ያቀላው ዓይኑን እያሸ ገባ፤ ግቢውን አየና ቆመ። ከበሩም ሲታይ አረንጓዴ ነው። እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን የሚያይ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሻንጣሽን አምጪ፤ ዝናብ ሳይጀምር እንሂድ። እሱን ስመለስ ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው።»

በቃ። ተፈታች። እሱ ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ እሷ አክስቷ ቤት ናት፤ ቢጮህም በስልክ ነው። ሻንጣውን እየጎተተች እስከ ግቢው በር ሄደች። አባቷ መኪናውን ከመክፈቱ በፊት ዞር ብሎ ሳሩን እንደገና አየው። ሳቀ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

ሻንጣውን ለቀቀችው።

«አባዬ፣ ና እስቲ።»

ግቢው መሐል ተንበረከከች። ጣቶቿን ከአረንጓዴው ጠርዝ ሥር ከተተችና ጎተተች። ምንም አልታገላትም። ልክ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ መጣላት፤ ከሥሩ እንደ ሲሚንቶ የደነደነ ጥቁር መሬት ወጣ። ሽታው የቆየ እርጥብ ጨርቅ ነው።

«ሳር አይደለም። ፎቶውን ከላይ ሆኜ ያነሳሁት አውቄ ነው። ዋሽቼሃለሁ።» ንዴቷ ግን አልበረደም። «ግን ነግሬህ ነበር። ውሃው ነው ብዬህ ነበር። አልሰማኸኝም።»

 ከፎቁ መስኮት ያይ የነበረው የወንድሟ ራስ ጠፋ። አባቷ በጫማው ጫፍ መሬቱን ጫን አደረገው፤ መሬቱ አልበገርም አለ። ደግሞ በተረከዙ ሞከረ። ያው ነው።

«የተናገሩት ከሚጠፋ…» ብሎ ጀመረ። ጥቅልሉን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ። የቀረውን አልተናገረውም።

የውሃው ጎማ በእሱ ትእዛዝ ከንጋት ጀምሮ ይፈስሳል። ተነሳችና ወደ ግድግዳው ሄዳ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ግቢው ጭር አለ።

«ሻንጣሽስ?» አለ አባቷ፣ ቀስ ብሎ።

«ስለ እሱ እንነጋገራለን፤ አልተውኩትም» አለች፣ እጇ ላይ የቀረውን ጭቃ ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። «መጀመሪያ መቆፈሪያ አምጣ።»