ጋሽ ባህሩ ሳሎን ውስጥ ያለው ባሕር

ይህ የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም።

ማመን ያቃተው ካለ አልቀየመውም። እኔም በቦታው ባልኖር አላምንም ነበር...

ቦታው ሐዋሳ ነው፣ ወደ ቱላ መውጫ ካሉት አዳዲስ ቤቶች አንዱ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነበር።

ሀሴት እባላለሁ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ጀምሮ የምሠራው ከኑሪ ጋር ነው። ኑሪን እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው። ሚስቱ አስማ ምሳ ስትቋጥርለት ለእኔም ጨምራ ነው የምትቋጥረው።

የጠራን ሰው ጋሽ ባህሩ ይባላል። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። አሁን ግን አንቱ ማለት አልችልም።

ጅቡቲ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። ሳሎኑ ውስጥ የባሕር አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ማስገጠም ፈለገ። ሆቴሎች ውስጥ እንደምናየው የንጹህ ውሃ አይደለም። የጨው ውሃ... ከነባሕር ድንጋዩ፣ ድንጋይ መስሎ ከሚያድገው የባሕር ፍጥረት፣ ከነኮራሉ።

ኑሪ ባጃጅ ውስጥ እየሳቀ ነበር።

"ሐይቁ አፍንጫው ሥር እያለ ባሕር አማረው" አለኝ።

በሩን የከፈተችልን ሚስቱ እትዬ አባይነሽ ነበረች። ሰላም አልናት። የያዝነውን ቧንቧ አየች፣ ከዚያ ፊታችንን...

"ዛሬ ባትሠሩትስ?" አለች በሹክሹክታ።

"ለምን እትዬ?" አላት ኑሪ።

መልስ ሳትሰጥ ከሳሎን ድምፅ መጣ።

"አስገቢያቸው።"

ጋሽ ባህሩ ከሶፋው አልተነሳም። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ሠራተኛ አምጣ ስለው ሴት ይዞ ይመጣል" አለ።

ይህን ያለው ለእኛ አልነበረም። ፊቱን ወደ መስታወቱ ገንዳ አዙሮ ነበር የተናገረው...

መስታወቱ ሰፊውን ግድግዳ ይዞ ቆሟል። ሰው ቢጋደምበት ይበቃዋል። ውሃው ገብቷል፣ ጨውም ተበጥብጦበታል። ሥር ላይ ከጅቡቲ በእርጥብ ጆንያ የመጡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። ጥቋቁር፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ ድንጋዮች። ዓሣ የለም። ኮራልም ገና አልገባም።

"ገና ባዶ ነው ማለት ነው?" አልኩት፣ ለወሬ ያህል።

"ማነው ባዶ ነው ያለሽ?"

ፈገግ አላለም።

ሥራችን ከባድ አልነበረም። የላይኛው ውሃ ሲሞላ ጥግ ላይ ወዳለ ጠባብ ሳጥን ይገነፍላል። ከሳጥኑ በቧንቧ ወርዶ ከመስታወቱ ሥር ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ወዳለ ትንሽ ገንዳ ይገባል። እዚያ ይጣራል። ከዚያ ፓምፑ በሌላ ቧንቧ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው እንዲህ እየዞረ ይኖራል። እኛ ቧንቧዎቹን ቆርጠን፣ በኮላ አጣብቀን፣ አለማፍሰሱን ማየት ብቻ ነበረብን።

ኑሪ ከላይ ሆነ። እኔ ቁም ሳጥኑ ውስጥ በጀርባዬ ገባሁ።

የመውረጃው ቧንቧ አፍ ከፊቴ በላይ ነበር። ገና ውሃ አልወረደበትም።

ከቧንቧው ሞቅ ያለ አየር ጉንጬን ነካኝ...

ቆመ።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሳበ። ግንባሬ ላይ ያለው ፀጉር ወደ ቧንቧው ሲሄድ ይታወቀኛል።

እንደገና ወጣ... እንደገና ሳበ።

ነፋስ ነው አልኩ። ግን መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ።

ገጣጥሜ ስወጣ ኑሪ መሳቁን ትቶ ነበር። በዓይኑ ወደ ድንጋዮቹ ጠቆመኝ።

ስንገባ ትልቁ ድንጋይ በስተቀኝ በኩል፣ ከኋላ ነበር። አሁን ከፊት መጥቶ መስታወቱን ተደግፏል። እኔ ተኝቼ በነበርኩበት ትክክል።

"አንተ ነህ ያነሳኸው?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"እጄን አላስገባሁም።"

"እሳቸውስ?"

"ከሶፋው አልተነሱም... ሀሴት፣ ቶሎ እንጨርስና እንውጣ።"

"ምን ትንሾካሾካላችሁ?" አለ ጋሽ ባህሩ።

"ጨርሰናል ጋሼ" አለው ኑሪ። "ፓምፑን ላስነሳው ነው።"

ፓምፑ ተነሳ። ውሃው ወጣ፣ ሞላ፣ ወደ ሳጥኑ ገነፈለ፣ ወረደ። የትም አላፈሰሰም። መጋዜን ቦርሳዬ ውስጥ መክተት ጀመርኩ።

ያኔ መብራት ጠፋ።

ሐዋሳ ውስጥ መብራት መጥፋት አዲስ ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ከላይ ትንሽ ውሃ ወደ ታች ይወርድና እሱም ይቆማል። ሌላ ሊሆን አይችልም። ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው...

የእኛ ውሃ ግን ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ፓምፑ ሞቷል። ድምፅ የለውም። የታችኛው ገንዳ ግን እያየሁት ጎደለ፣ ጎደለ... ሥሩ ታየ። ከላይ መስታወቱ ጠርዙ ድረስ ሞላ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ውሃው ከጠርዙ በላይ አበጠ፣ ሊያይ እንደሚንጠራራ ሰው።

"የሆነ ነገር መውረጃውን ዘግቶታል" አለ ኑሪ።

ቢዘጋስ? መዘጋት ውሃን ሽቅብ አያወጣም። እሱም ያውቃል። ግን ሰው ሲፈራ እጁን ሥራ ማስያዝ ይፈልጋል።

እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱን እስከ ትከሻው ጥጉ ላይ ወዳለው ሳጥን አስገባ።

"አትንካው" አለች እትዬ አባይነሽ። በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ጋሽ ባህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሶፋው ተነሳ። አልመታትም። ወደ ኮሪደሩ ገፋ አደረጋትና በሩን ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ውሃው ሳይዞር ማንም አይወጣም" አለን።

"ያዝኩት..." አለ ኑሪ። "ለስላሳ ነገር ነው። ቆይ... ያዝኩት።"

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ።

"አይ... ያዘኝ።"

ወገቡን አቅፌ ሳብኩ። እግሬን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፌ ሳብኩ። ኑሪ አይጮህም። ጥርሱን ነክሶ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። ከታች ደግሞ ያ ቧንቧ ይተነፍሳል... ከእሱ ጋር እኩል።

"ጋሼ ይርዱኝ" አልኩ።

ጋሽ ባህሩ እጁን አጣጥፎ ቆመ።

"ተይው። አይጎዳውም። እኔንም አልጎዳኝም።"

መብራት መጣ። ፓምፑ ተነሳ። ኑሪ በአንድ ጊዜ ተለቀቀና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወደቅን።

መጀመሪያ ክንዱን ነው ያየሁት። ቁስል የለበትም። ጭረት እንኳ የለበትም።

ደረቅ ነበር።

እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ገብቶ የነበረው ክንድ... ደረቅ ነበር። ነካሁት። ፀሐይ ላይ እንደዋለ ቆርቆሮ ይሞቃል።

"ኑሪ፣ ተነስ እንሂድ።"

ክንዱን እያገላበጠ ያያል፣ አዲስ ዕቃ እንደተሰጠው ሰው።

"ኑሪ።"

"አንቺ ሂጂ" አለኝ። ድምፁ የራሱ ነው። ግን ስሜን የረሳው መሰለኝ። "እኔ እዚህ ሥራ አለኝ።"

"ምን ሥራ? ጨርሰናል እኮ።"

ዓይኑን አነሳ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ጠልቶኝ አያውቅም።

"ውጪ አልኩሽ።"

በሩ ተከፈተ። እትዬ አባይነሽ ሌላ ቁልፍ ነበራት። ክንዴን ይዛ በኮሪደሩ፣ በጓዳው፣ በጓሮ በር አወጣችኝ። ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

"እሱን ሳልይዝ አልሄድም" አልኳት።

"ሂጂ። አንድ ሰው ይበቃዋል።"

በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው።

ውጪ ፀሐይ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሸንኮራ ተሸክማ አለፈች። ኑሪ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ከውስጥ ሲጠራ ይሰማኛል። ማንም አላነሳም። በሩን ደበደብኩ። ማንም አልመጣም።

ባጃጅ ይዤ አስማ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ምን አድርገሽው ነው የመጣሽው?" አለችኝ።

"አስማ፣ እኔ ምንም..."

"ባሌን ሰው ቤት ጥለሽው መጣሽ?"

"ፖሊስ ይዘን እንሂድ።"

"ምን ብዬ? ባሌ ሥራ ላይ ነው ብዬ ልክሰስ?"

ነጠላዋን አነሳችና ቀድማኝ ወጣች። መንገድ ላይ እጇን ያዝኩ። አልከለከለችኝም።

ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሳሎኑ መስኮት መጋረጃም ተገልጧል፣ እንድናይ የተገለጠ ይመስል።

በመስኮቱ አየነው፤ ኑሪ የውሃው መስታወት ፊት ቆሟል። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቷል። በጨርቅ መስታወቱን ይወለውላል፣ ቀስ ብሎ፣ በክብ በክብ።

"ይኸው ደህና ነው" አልኳት። ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ። "ኑሪ..."

አልዞረም።

አስማ ቆመች። እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

"ከውስጥ ማነው?" አለችኝ።

"የት?"

"ከውስጥ... ከመስታወቱ ወዲያ።"

ያኔ አየሁት። ጨርቁ በሄደበት ሁሉ፣ ከመስታወቱ ውስጠኛው ገጽ አንድ መዳፍ አብሮት ይሄዳል። ጨርቁ ሲዞር ይዞራል። ጨርቁ ሲወርድ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ እጅ የተሸበሸበ፣ የነጣ...

እኔ ዓይኔን ከኑሪ ጀርባ ላይ አላነሳሁም። አስማ ግን እሱን አላየችውም። አንድ ጊዜም አላየችውም። የምታየው መዳፉን ነበር።

"ኑሪዬ" አለች። ድምፅዋ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፅ ነበር። "ኑሪዬ... አንተ ነህ?"

ጨርቁን የያዘው ሰውዬ መወልወሉን ቀጠለ።

መዳፉ ግን ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ታች ተገለበጠና ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ... አጠፈ፣ ዘረጋ። ሰው ሲጠራ እንደሚያደርገው።

አስማ እጇን ከእጄ አወጣች።