አርባ አንድ ቁጥር ቆርቆሮ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። የሰማሁት አይደለም፣ ያየሁት ነው። ማመን ያቃተው ከአሁኑ ይተወው፣ አልለምንም። ይሄን በመናገሬ ግማሹ መንደር ሰላም አይለኝም። እሱንም አልለምንም።

ውሸት እንደማበዛ አውቃለሁ። በስኪ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ድብ አለ ብዬ የቴህራን ሰዎችን ካሜራ አስይዤ ሁለት ቀን በረዶ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ድቡ ዓይን አፋር ነው እያልኩ።

ይሄኛው ግን ድብ አይደለም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ወሩ የካቲት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት። የእኛ የሳምንት እረፍት፣ ሐሙስና ዓርብ፣ አልቆ የቴህራን መኪኖች ተራራውን ለቀው ወርደዋል። እዚህ አልቦርዝ ላይ፣ የጀርባው ቁልቁለት በምንለው በኩል፣ እኔና አሙ ቦርዙ ብቻ ነን። እሱ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው ስኪ ተጫዋቾችን ሽቅብ የሚያወጡትን ወንበሮች የሚነዳውን ሞተር የሚጠብቅ ሰው ነው።

አሙ እንላለን፣ አጎት እንደማለት ነው። ዘመዴ ግን አይደለም።

የሟቹ ጓደኛዬ የባርዲያ አባት ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆርቆሮው ልንገራችሁ።

የጀርባው ቁልቁለት ከመንደሩ አይታይም። ስለዚህ ደንብ አለው። እያንዳንዳችን ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ አለን። ስትወጣ ሞተር ቤቱ በር ላይ ባለው ሰሌዳ፣ ምስማርህ ላይ ትሰቅለዋለህ። ጨርሰህ ወደ ቤት ስትሄድ ታነሳዋለህ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ አሙ ቦርዙ ሞተሩን ያጠፋል። አንድ ቆርቆሮ እንኳን ከቀረ አያጠፋም፤ ሰው ጠርቶ ፍለጋ ይወጣሉ።

የእኔ ቁጥር አስራ ሰባት ነው። የባርዲያ አርባ አንድ። ቁጥሩ ባይከተልም ምስማሮቻችንን ያጠጋጋናቸው እኛው ነን።

እኔና እሱ የራሳችንም ደንብ ነበረን። ቀድሞ የወረደ የሁለታችንንም ቆርቆሮ ያነሳና ሻይ ቤት ገብቶ የተቀቀለ ባቄላ በኮምጣጤ ያዛል። ኋላ የመጣ የቀዘቀዘውን ይበላል።

የዛሬ ዓመት፣ ጭጋግ በወረደበት ቀን፣ ቀድሜ ወረድኩ።

የሁለታችንንም አነሳሁ።

ባቄላዬን በላሁ። የእሱ ቀዘቀዘ። ባርዲያ ያን ማታ ወደ ቴህራን ሊሄድ ነበርና፣ በወዲያኛው በኩል ወርዶ አውቶቡስ ይዟል፣ እኔን ሊያጃጅለኝ ነው ብዬ ሳቅሁ። እንዲህ ስንቀላለድ ነው ያደግነው። አሙ ቦርዙ ሰሌዳውን አየ። ባዶ ነው። ሞተሩን አጠፋ።

በገዛ ልጁ ላይ አጠፋው።

በሦስተኛው ቀን በግራ በኩል ካለው ቋጥኝ ሥር አገኙት። እግሩ ተሰብሯል። ወዲያው አልሞተም ነበር አሉ...

ሰው ሁሉ ቆርቆሮውን ሳይሰቅል ወጣ አለ። አባቱ ራሱ ቀብሩ ላይ ቆሞ፣ ጥፋቱ የልጄ ነው፣ ደንብ አላከበረም ብሎ ተናገረ። እኔ ዝም አልኩ። አርባ አንድ ቁጥር ኪሴ ውስጥ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጀርባውን ቁልቁለት አልረገጥኩትም። የመንደሩ ልጆች ኪያራሽ ፈርቷል ይሉኝ ጀመር። አንዱማ «ባለቤቱ ፈርቶ የተወው ስኪ ይሸጣል» የሚል ወረቀት በስሜ ሻይ ቤቱ በር ላይ ለጠፈ። እኔ ደግሞ አትችልም ከተባልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልክ በዓመቱ፣ ብቻዬን፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ እጫወታለሁ አልኩ። ሄድኩ።

ሁለት ሰው የሚይዘው ወንበር አንድ ሰው ብቻ ሲቀመጥበት ወደ ሰውየው ያዘነብላል። ስለዚህ አሙ ቦርዙ ባዶው ቦታ ላይ የአሸዋ ጆንያ ያስቀምጣል። ያን ቀንም ጆንያውን አቅፎ መጣ።

«ይተዉት አሙ» አልኩት። «ከጆንያ ጋር ምን አወራለሁ?»

«ጆንያ ቢያንስ አይዋሽም» አለኝ።

ሳቅሁ። ኪሴ ውስጥ ግን ቆርቆሮው ጎኔን ወጋኝ።

አስራ ሰባቴን ሰቀልኩ። ተቀመጥኩ። መከላከያ ብረቱን ወደ ጭኔ አወረድኩ። ወንበሩ እንደ ደንቡ ወደ እኔ ዘመም ብሎ ተነሳ።

ሦስተኛውን ምሰሶ ሳልፍ ነው ያስተዋልኩት...

ወንበሩ ቀጥ ብሏል።

ልክ ሁለት ሰው እንደተቀመጠበት።

ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ አልነበረም። ስስ በረዶ ይጥላል። ጉልበቴ ላይ ያርፋል። ብረቱ ላይ ያርፋል። ከጎኔ ባለው መቀመጫ ላይ ግን አንዲትም አላረፈችም።

ከዚያ ሸተተኝ።

ኮምጣጤ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዘል ነበር። እኔ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ።

«ከሆንክም ሁን» አልኩ በሹክሹክታ። «ስኪ ልጫወት ነው የመጣሁት።»

ተጫወትኩ። አምስት ጊዜ ወጥቼ አምስት ጊዜ ወረድኩ። አምስቱንም ጊዜ ከሦስተኛው ምሰሶ በኋላ ወንበሩ ቀጥ ይላል። አምስተኛው ላይ እልህ ያዘኝና ሆን ብዬ ወደ ዳር ተጠጋሁ። ወንበሩ ዘመም አለ...

ከወዲያ በኩልም ሰው የተጠጋ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ስድስተኛውን ስወጣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጭጋግ ወረደ። እንደዚያን ቀን።

ስወርድ መንገድ እኩሌታ ላይ ቆሜ ወደ ኋላ አየሁ። የአንድ ሰው ስኪ በረዶ ላይ ሁለት መስመር ያወጣል።

አራት ነበሩ።

ፊቴን ስመልስ ሁለቱ መስመሮች ከፊቴ ሄደዋል። እኔ ገና ባልረገጥኩት በረዶ ላይ። ወደ ግራ ይታጠፋሉ።

ወደ ቋጥኙ።

«ኪያራሽ...»

ድምፅ አልነበረም። ትንፋሽ ነበር። ከጆሮዬ ሥር።

«ና።»

«አልመጣም።»

«ና... ቀዘቀዘ።»

«አልመጣም ባርዲያ።»

ከዚያ...

«ቁጥሬስ?»

እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ። ዚፑ ተዘግቷል። በጥርሴ ጓንቴን አውልቄ ከፈትኩት። ባዶ ነው።

በስኪ ዘንጎቼ በረዶውን ወግቼ ቆምኩ።

«ስማኝ» አልኩት። «እግሬን ሰብሬ ከጎንህ ብተኛ አንተ አትነሳም። አልሞትልህም። እኔ በቀኝ ነው የምወርደው። መናገር ያለብኝን ግን እናገራለሁ።»

በቀኝ ወረድኩ። ከኋላዬ የማንም ስኪ አልተሰማም። እሱ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሞተር ቤቱ ስደርስ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። አሙ ቦርዙ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ ሰሌዳውን ያያል።

አስራ ሰባት።

ከጎኑ... አርባ አንድ። በረዶ እንደያዘ።

«ዛሬን እንኳን?» አለኝ። ድምፁን አልጨመረም። «ዛሬን እንኳን አትምረኝም፣ ኪያራሽ?»

ቀልድ መስሎታል። ሌላ ምን ይምሰለው? ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይሄንኑ ነው። ይቅርታ አሙ፣ ቀልድ ነው ብል ያልፋል። ይሰድበኛል፣ ሁለቱንም ቆርቆሮ አነሳለሁ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቤቴ እገባለሁ። ባርዲያም ደንብ ያላከበረ ልጅ እንደተባለ ይቀራል።

እጄ ሰሌዳው ድረስ ሄዶ ነበር። መለስኩት።

«አሙ፣ ባርዲያ ሰቅሎ ነበር» አልኩ። «ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት። የሁለታችንን ደንብ፣ ባቄላውን፣ ቀብሩ ላይ ዝም ማለቴን። ይምታኝ ብዬ መነጽሬን አውልቄ ቆምኩ። አልመታኝም። አርባ አንድ ቁጥርን ለረጅም ጊዜ አየ። በአውራ ጣቱ በረዶውን ጠረገለት። አላነሳውም።

ከዚያ እጁን ከማጥፊያው ላይ አወረደ።

«እንግዲያው» አለ በሹክሹክታ፣ «ላይ ሰው አለኝ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እኔ ቆምኩ። ዘጠኝ ተኩል አለፈ። ሞተሩ ይሠራል። ወንበሮቹ ከጭጋጉ እየወጡ ይወርዳሉ። ባዶ፣ ቀጥ ያለ። ባዶ፣ ቀጥ ያለ። ባዶ፣ ቀጥ ያለ...

ከዚያ አንዱ መጣ።

ወደ ግራ አዘንብሏል።

መከላከያ ብረቱ ወርዷል። ሰው የለበትም።

አሙ ቦርዙ ተነሳ። ለሽማግሌና ለሕፃን እንደሚያደርገው ሞተሩን ቀስ አደረገው። ወንበሩ ፊታችን ሲደርስ ብረቱ ማንም ሳይነካው ወደ ላይ ተነሳ። ወንበሩ አንዴ ተወዛወዘና ቀጥ አለ።



ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

የአርባ አንድ ምስማር ባዶ ነው። ከጎኑ ያለው አስራ ሰባቴ... ሰው ሲያልፍ በክንዱ እንደነካው፣ ገና ይወዛወዝ ነበር።