ሽንብራ የምታህል ጉርሻ

ክብሮምን ያወቅኩት ትከሻው ላይ ወድቄ ነው። ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሳንተዋወቅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ድንገት ዓይኔ ጨለመና ተዝለፈለፍኩ። ስነቃ በኮፍያው እያራገበልኝ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ጨጓራዬ ነው።»

ውሸቴን ነው። ጨጓራዬማ አብዛኛው ተቆርጦ ወጥቷል። መቶ ሠላሳ ኪሎ ነበርኩ፤ ስኳሩም ጉልበቴም አላስኖር ሲሉኝ አዲስ አበባ ሄጄ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ከዚያ የተረፈችው ጨጓራዬ መተላለፊያዋ ጠበበና ሁለቴ በቱቦ አሰፉልኝ። ፀጉሬ ረገፈ። ምግብ ፊቴ ሲቀርብ፣ ይቺ ደግሞ ብትሰነቀርስ እያልኩ ልቤ ይመታል።

ይህን ለማን ልንገር? ወፍሬ ሳለሁ «ወለላ ተመችቷታል» ይሉ የነበሩት የቆቦ ሰዎች፣ ስከሳ «ምን በሽታ ያዛት?» አሉ። ማን ጠየቃችሁ? የልብስ ስፌት ቤቴን ከፍቼ፣ አፌን ዘግቼ ሰፋሁ።

ክብሮም ግን መመላለስ ጀመረ። የመስኖ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የሚሰፋ ነገር ስላልነበረው ደህናውን ሱሪ ቀዶ አመጣ።

«ይሄ በመቀስ የተቀደደ ነው» አልኩት።

«ሚስማር ነው።»

«ሚስማር እንዲህ ቀጥ አድርጎ ነው የሚቀደው?»

አቀረቀረና ሳቀ። ወደድኩት፤ ምን እዋሻለሁ። ከፍቅራችን ዓመት ሳይሞላ እንጋባ ተባባልን። የጨጓራዬን ነገር ግን እንደ ዋሸሁት ተውኩት። ያሳቀቀኝ ቢላው አልነበረም፤ እንደዚያ ወፍራም መሆኔን ማወቁ ነበር።

ከዚያ ወደ አፋር በኩል ለጉድጓድ ውሃ ሥራ ሄዶ አራት ወር ቆየ። በተመለሰ በሳምንቱ እናቱ ሊያዩኝ ጠሩኝ። እትዬ ገነት ቤተሰቦቻቸው ከትግራይ መጥተው ቆቦ የሰፈሩ፣ ገበያው ሁሉ የሚያከብራቸው ነጋዴ ናቸው። ቤቱ በሴት ዘመድ ተሞልቷል። ገና ከመቀመጤ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ድረስ አመጡ።

የአማት እጅ ይመለሳል? ልቤ እንደ ስፌት መኪናዬ እየተንቀጠቀጠ ተቀበልኩ። በአንድ ማቆም ነውር ነውና ሁለተኛውንም ጎረስኩ።

ደረቴ ላይ ቆመ። ምራቅ አፌን ሞላው። ሮጬ ጓሮ ወጣሁና የማሽላ አገዳው ክምር ሥር አስታወክሁ። ቀና ስል ሴቶቹ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ስንት ወርሽ ነው፣ ጓለይ?» አሉ እትዬ ገነት፣ በትግርኛቸው «ልጄ» ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከኋላቸው የቆመውን ክብሮምን አየሁት። አንድ ቃል እንዲናገር ጠበቅኩ። የሄደበትን አራት ወር ሲቆጥር ግን ዓይኑ ላይ አየሁት።

ያኔ ፍርሃቴ ጥሎኝ ሄደ፤ ንዴት ብቻ ቀረኝ።

«እርጉዝ አይደለሁም» አልኩ። «ጨጓራዬን ተቆርጬ ነው። ውፍረት ሊገድለኝ ስለነበር፣ በገዛ ፈቃዴ ፈርሜ። አላፈርኩበትም። የርስዎ ጉርሻ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ እኔ ውስጥ ያለው ቦታ የአንድ ስኒ ያህል ነው።» ወደሱ ዞርኩ። «አንተ ደግሞ ቁጠር። ስትጨርስ ንገረኝ።»

ነጠላዬን አንስቼ የአስፋልቱን ዳር ይዤ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። አለቀስኩ፤ በተናገርኩት ግን አልተጸጸትኩም።

በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጣ። ሱሪ አልያዘም።

«ጨጓራዬ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

«ወር የቆጠረውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።» ኮፍያውን አወለቀ። «አፈርኩ፣ ወለላ። ይቅር በይኝ።»

ምሳዬ ፊቴ ነበር፤ አንድ ስኒ ምስር። «ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል» አልኩት። «አንዳንዴም ይመለሳል። ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንዴም ሰዓቱን አላየም። አራተኛዋ ማንኪያ ላይ እጄ ቆመ፤ ልቤ መምታት ጀመረ።

«ተሰነቀረች?» አለ ቀስ ብሎ።

«እንጃ። ፈራሁ።»

«በይ አብረን እንጠብቃት።»

ጠበቅናት። ወረደች። ይቅር ያልኩት ያኔ ነው።

እትዬ ገነት ግን እስከ ሠርጋችን ቀን አላናገሩኝም። ዳሱ ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያንኑ ጡጫ የሚያህል ጉርሻቸውን ጠቅልለው ወደኔ መጡ። ክብሮም ሊነሳ ሲል እግሩን ረገጥኩት። የራሴን መልስ ራሴ እሰጣለሁ።

«አልችልም» አልኩ፣ ሁሉም እስኪሰማ።

እትዬ ገነት አዩኝ፤ ከዚያ ጉርሻውን ልጃቸው አፍ ውስጥ ከተቱት። ሌላ ጠቅልለው ደገሙት።

«ይሄ የሷ ድርሻ ነው» አሉት። እንባው እስኪመጣ አኘከ፤ ሰውም ሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። በጣታቸው ጫፍ ሽንብራ የምታህል ቆረሱና ዝቅ ብለው ያዙልኝ።

«ይቺስ፣ ጓለይ?»

ልቤ መታ። ዛሬም ይመታል።

«እሷንማ እችላታለሁ» አልኩና አፌን ከፈትኩ።