አንድ መስመር፣ ብዙ ቤት

ሚጢጢን ማንም አላመናትም። በቪዲዮ የሚሰጠውን የቃል ፈተና ስትጀምር መስመሩ ተንቀራፎ ቢቋረጥባት፣ መምህሯ «ጥያቄ ሲከብድሽ ነው እንዴ የሚቋረጠው?» ብሏት አረፈው። ሰፈሩ «ኮማንደር» የሚለው ታላቅ ወንድሟ፣ ያ የጌም ሱሰኛ፣ «ፈሪ! በኔትወርክ አታሳብቢ» እያለ ሳቀባት። አፍ ያለው ሁሉ ዳኛ ሆነባት።

የመጨረሻ ዕድሏ ነገ ማታ ነው። ስለዚህ አመሻሹ ላይ አክስቷ ሥራ ቦታ ሄደች፤ አክስቷ የኢንተርኔት ድርጅት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው የምትሠራው።

«አክስቴ፣ በሞቴ፣ የእኛን ቤት ብቻ አፍጥኚልን!»

አክስቷ ትከሻዋን ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ሚጢጢ አፏን ከፍታ ቀረች። ግድግዳ በሚያህለው ስክሪን ላይ ሰፈሩ በነጥብ ተሠርቶ ይርገበገባል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቤት። ሰው ከሥራ በገባ ቁጥር አንድ ነጥብ ይበራል፤ ሁሉን የሚሸከመው መስመርም እንደ ክረምት ወንዝ ይሞላል።

«ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ መስመር?»

«በአንድ መስመር። ሲጨናነቅ፣ ሲስተሙ ከሁሉ አብዝቶ ኢንተርኔት የሚስበውን ቤት ለጥቂት ጊዜ ያዘገየዋል፤ ነጥቡም ይቀላል። አደብ ሲገዛ ይመልሰዋል።»

«ምን እንደምናይም ታያላችሁ?»

«ምን ሥራ አጥተን! ምን ያህል እንደሳባችሁ ብቻ ነው የምናየው።»

ወዲያው መስመሩ ጢም አለ። ጥቂት ነጥቦች ቀሉ፤ ሊደበዝዙ የነበሩት መቶዎቹ መልሰው ፈኩ። የነካቸው የሰው እጅ የለም። ሚጢጢን ውርር አደረጋት።

«ያቺ ቀይ የማን ናት?»

«የእናንተ ናታ! የቪዲዮ ፈተና ይህን ያህል አይስብም። ቤታችሁ ውስጥ ሌላ በላተኛ አለ።»

ኮማንደር! ሰሞኑን ማታ ማታ «አዲሱ ጌም እየወረደልኝ ነው» እያለ ሲፎክርባት አልነበር?

«ከፈለግሽ ቀዩን አነሳላችኋለሁ» አለች አክስቷ። «በእናንተ ፋንታ ግን የትኛውን ቤት ላዘግይ? ምረጪ።»

ሚጢጢ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አነሳች። ከነጥቦቹ አንዷ ጥግ ላይ ብቻዋን ትር ትር ትላለች። ማን ይሆን እዚያ ያለው? ጣቷን መለሰችና ስልኳን አውጥታ ቤት ደወለች።

«ኮማንደር፣ ጌምህን አቁመው።»

«አበድሽ እንዴ! ትንሽ ነው የቀረው!»

«ሰው ሲተኛ ታወርደዋለህ። ነገም ፈተናዬን እስክጨርስ ድርሽ እንዳትልበት። አሁን አጥፋው፤ ቆሜ እያየሁህ ነው።»