የገለቴ ምንጭ ጠራጊዎች

መምህር ገብረየስ ፊታቸው የምንጩ ገንዳ ውስጥ ገብቶ፣ እግራቸው ደረቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ በድንጋይ ተመትቷል። ጊዜው 1961 ዓ.ም.፣ የጥር ወር ሰኞ ማለዳ ነበር። ሰበታ ከተማ ዳር ያለችውን የገለቴን ምንጭ ከሦስት ዓመት በፊት ከፋንድያና ከቆሻሻ ያወጧት እሳቸው ናቸው። ደመወዝ የከፈላቸው የለም፣ ያዘዛቸውም የለም። ጎረቤት ለምነው፣ መጥረጊያ አስይዘው፣ ማኅበር አቋቁመው ነው ያጸዷት። ምስጋናቸውን እዚያው ከገንዳው ውስጥ ተቀበሉ።

ከሬሳው አጠገብ አንድ የከብት ዱላ ወድቋል። የጣቢያው አሥር አለቃ ጌታቸው ዱላውን አየ፤ የማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ የባለከብቱ የሞቱማ ነው አሉት። ሄዶ ሞቱማን ከበረቱ ጎትቶ አመጣና በካቴና አሰረው። ምርመራው ይኸው ነበር። ሰው ዶሮ ሲገዛ እንኳ ከዚህ የበለጠ ያገላብጣል።

መርማሪው ሻምበል ባሻ መገርሳ ከቡራዩ ተጠርቶ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሬሳው ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት ተወስዷል፤ ዱላው ግን ካለበት አልተነካም። አሥር አለቃው ሰላምታ ሰጥቶ ወረቀት ዘረጋለት።

«ጌታዬ፣ ነገሩ አልቋል። እስረኛውን የሚወስደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ ይነሣል። የርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

«ያላየሁትን አልፈርምም» አለ መገርሳ። አጭር፣ ደረቅ፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ቁጣው ግን ዓይኑን አይጋርድበትም።

ከምንጩ አጥር በር ላይ አንዲት ሴት መንገዱን ዘጋችበት። የሞቱማ ሚስት ድንቅቱ ናት።

«ኦቦ መገርሳ፣ አካም ቡልተን አልልዎትም፤ እኔ ደህና አላደርኩም። ያ ዱላ ከሐሙስ ጀምሮ እኛ ቤት የለም! ማኅበርተኞቹ ናቸው የወሰዱት።»

«ለምን ወሰዱት?»

«ከብቶቻችን ውሃው ውስጥ ገቡ ብለው ነዋ። የመምህሩ ሕግ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይጠርጋሉ፤ ከብት ያስገባ ሰው ዱላውን ያስረክባል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ መጥቶ ሲጠርግ ይመልሱለታል።»

«ይህን ለአሥር አለቃው ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት እንጂ! የማኅበሩን አቶ ወንዳፍራሽን ጠየቃቸው። ‹እኔ አላየሁም› አሉ። በቃ! የሳቸው አለማየት ከኔ ማየት በለጠ።»

መገርሳ ጥርሱን ነክሶ ወደ ምንጩ ወረደ።

መሬቱ ከላይ ካለው አጥር ወደ ገንዳው ያዘቀዝቃል። ከሐሙስ ወዲህ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሁሉን ሸፍኖታል፤ ሬሳው ከነበረበት እስከ ማኅበሩ ዕቃ ቤት በር ያለው ቦታ ግን ንጹሕ ነው። የመጥረጊያው ጭረት አፈሩ ላይ ይታያል፤ ከዚያ የተጠረገው ቅጠል ከአጥሩ ሥር ተከምሯል። መገርሳ ተንበርክኮ ጭረቱን በጣቱ ተከተለ፤ ከገንዳው ተነሥቶ እስከ ክምሩ ድረስ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሰዎች ምን እንደሚያይ አንገታቸውን እያሰገጉ ተመለከቱት። ከዚያ ዱላውን አነሣ። የወደቀው ጭረቱ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ የታችኛው ጫፉም ነጭ ዱቄት ይዟል።

ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል። በመምህሩ ኪስ በተገኘው ቁልፍ ተከፈተ። ግድግዳው ላይ መጥረጊያዎች ተሰቅለዋል፤ ጥጉ ላይ ድንጋዮቹን የሚቀቡበት የኖራ ከረጢት ተቀዶ ዱቄቱ መሬት ላይ ፈስሷል። መገርሳ የዱላውን ጫፍ ከኖራው ጋር አስተያይቶ መልሶ ቆለፈ። ያየውን ለማንም አልተናገረም።

መጀመሪያ የጠራው ወይዘሮ ማሪቱን ነው። የሐኪም ቤት ድሬሰር ናቸው፤ ሬሳውንም ውሃ ሊቀዱ መጥተው ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሦስት። አንዱ የመምህሩ፣ አንዱ የአቶ ወንዳፍራሽ፣ አንዱ የኔ። የምንጩ ጓድም እኛው ሦስታችን ብቻ ነን።»

«የሞቱማን ዱላ ሐሙስ ዕለት ወስዳችኋል?»

ወይዘሮ ማሪቱ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ።

«ወስደናል። ዕቃ ቤት ያስገባሁትም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሰውየው ሲታሰር የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነበርኩ። የጠየቀኝ የለም። ደግሞ… ማኅበሩ በነገር እንዳይነሣ ብዬ።»

«ማኅበሩ!» መገርሳ ጮኸ። «ሰው ሊሰቀል ነው እመቤቴ! መሬት የሚጠርግ እጅ አፍን ይለጉማል እንዴ?»

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመሩ። አላባበላቸውም።

ቀጥሎ ሀሰኖ ቀረበ፤ ባለሱቅና የማኅበሩ የገበያ ጓድ መሪ ነው። ገበያውን ጠርገው ቆሻሻውን የሚያቃጥሉት እሱና ጎረቤቶቹ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ከመምህሩ ጋር ሲጨቃጨቅ አገር ሰምቶታል።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም» አለ። «አመዳችሁ በጎርፍ ወደ ምንጩ ይወርዳል አሉኝ፤ እኔም ጮህኩባቸው። ትናንት ግን ሱቄ መጥተው ለማመልከቻ ቴምብር ገዙ። ታርቀን ነው የተለያየነው። ‹ሀሰኖ፣ በእጃችን ያጠብነውን በስሙ አድርጎ ሊዘጋብን ነው፤ ነገ ማለዳ ምንጩ ላይ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ› አሉኝ።»

«ማንን?»

«ስም አልጠሩም። ወላሂ፣ አጥብቄ ብጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

መገርሳ አሥር አለቃውን ጠራው። «ብስክሌትህን ይዘህ መሬት ጸሐፊው ዘንድ ሂድ። ይህን ቦታ ይለካልኝ ያለ ሰው ካለ ማመልከቻውን ይዘህልኝ ና። እዚያ ደግሞ አንድ ሰው ጠይቀህ እንዳትመለስ!»

የመጨረሻው አቶ ወንዳፍራሽ ነበሩ፤ ሥራቸው ማመልከቻ መጻፍ ነው፤ ጫማቸው ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

«መምህሩን እንደ አባቴ ነበር የማያቸው» አሉ።

«ዛሬ ማለዳ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ባለቤቴ ሱሉልታ ለቅሶ ሄዳለች።»

«የሞቱማ ዱላ መወሰዱን አላውቅም ብለዋል።»

«ሐሙስ ቀደም ብዬ ነው የሄድኩት። ይህን ሁሉ ከመጠየቅ ግን ዱላው የማን እንደሆነ ማየት አይበቃም? እነዚህ ባለከብቶች መምህሩን ስንት ቀን ዝተውባቸዋል!»

«ዛሬ እዚህ መቼ መጡ?»

«እርስዎ መሬቱን ሲያዩ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር።»

«ጥሩ። አይሂዱ» አለ መገርሳ።

አምስት ሰዓት ሲል አሥር አለቃው በላብ ተነክሮ ተመለሰና የታጠፈ ወረቀት ሰጠው። መገርሳ አነበበው፤ ፊቱ ጠቆረ፤ ኪሱ ከተተው። ሁሉንም ወደ ምንጩ አስጠራ። ለሞቱማ ካቴናውን አስፈታለት። ካልተጠረገው ወገን ቅጠል የሞላበት መሬት አሳይቶ መጥረጊያ አቀረበ።

«እያንዳንዳችሁ ከዚህ እስከዚያ ትጠርጋላችሁ።»

«እስረኛውም?» አለ አሥር አለቃው።

«እሱ ይጀምር።»

ሞቱማ መጥረጊያውን ግራ በመጋባት ያዘ፤ መሬቱ ወደሚያዘቀዝቅበት፣ ወደ ገንዳው ጠረገ። ሀሰኖም ሲደርሰው እንደዚያው ወደ ታች ገፋው። ወይዘሮ ማሪቱ ከንፈራቸውን ነከሱ። ሦስተኛው አቶ ወንዳፍራሽ ነበሩ። አንዴ ወደ አጥሩ፣ አንዴ ወደ መገርሳ አዩ፤ ከዚያ በረጅሙ ወደ ታች ጠረጉ፤ ቅጠሉና አፈሩ ገንዳው ውስጥ ገባ።

«አቶ ወንዳፍራሽ!» ወይዘሮ ማሪቱ ዘለው መጥረጊያውን ያዙ። «ምን ነካዎት? ወደ ውሃው ይጠረጋል? ሦስት ዓመት ሙሉ መምህሩ በማስመሪያ እግራችንን እየመቱ ያስተማሩን ምንድን ነው? እነሱስ ባያውቁ ነው፤ እርስዎ!»

የአቶ ወንዳፍራሽ እጅ መጥረጊያው ላይ ቀረ።

«አመሰግናለሁ እመቤቴ፤ ለዚህስ ሳይጠየቁ ተናገሩ» አለ መገርሳ። «አሁን ሁላችሁም ስሙኝ። ገዳዩ ማለዳ እዚህ መጥቶ መምህሩን በድንጋይ መታ። አፈሩ ላይ የጫማው ዱካ ቀረበት። ስለዚህ መጥረጊያ አመጣና ጠረገ። መጥረጊያው የት ነበር? ዕቃ ቤት፣ በቁልፍ ውስጥ። ሞቱማ ቁልፍ የለውም። ዱላውም የተጣለው መሬቱ ከተጠረገ በኋላ ነው፤ ጭረቱ ላይ ተጋድሞ አግኝቼዋለሁ። ጫፉ ላይ ያለው ኖራ ዱላው ዕቃ ቤት ውስጥ ከቆመበት ጥግ የመጣ ነው። ታዲያ ሞቱማ በተቆለፈ ቤት ያለ ዱላውን እንዴት አወጣው?»

«የመምህሩን ቁልፍ ወስዶ ይሆናላ!» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። የመምህሩን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥቶ መልሶ የከተተ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ሀሰኖም ጭምር። ጭረቱ ግን እንቢ አለኝ። ዛሬ ማለዳ የተጠረገው ከገንዳው ወደ አጥሩ፣ ወደ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ታች ይጠርጋል፤ አሁን አያችሁ። ወደ ላይ የሚጠርገው የምንጩ ጓድ ብቻ ነው። ገዳዩ ተጣድፎ፣ ደም እያየ እንኳ እጁ የለመደውን ሠራ።»

ወደ አቶ ወንዳፍራሽ ተጠጋ።

«የቀራችሁት ሁለት ናችሁ። ስለ ጭረቱ አቅጣጫ ለማንም አልተናገርኩም። እርስዎ ግን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጣቴ የሄደበትን አይተዋል። ሦስት ዓመት የለመዱትን አሁን በድንገት የገለበጡት ለምንድን ነው? ንጹሕ ሰው የሚደብቀው አጠራረግ የለውም!»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«‹የገለቴ ምንጭ የተባለውን ጠፍ መሬት ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄና ጉልበቴ ስጠርግ፣ ስጠብቅና ሳለማ የኖርሁ ስለሆነ፣ በስሜ ተለክቶ እንዲሰጠኝና ዘግቼ ውሃውን እንድሸጥ እንዲፈቀድልኝ። አመልካች ወንዳፍራሽ።›»

ሀሰኖ መሬት ላይ ተፋ። «በገዛ እጄ! የኛስ እጅ የት ሄደ?»

«ጠፍ ነበር!» አቶ ወንዳፍራሽ ፈነዱ፤ ያ ሁሉ ጨዋነት ተገፈፈ። «ማንም የማይረግጠው ፋንድያ ነበር! እኔስ አልጠረግሁም? ያ ሽማግሌ ከመሬት ጸሐፊው ሰምቶ ወረቀቱን በአገር ፊት አነባለሁ አለኝ፤ ሌባ አለኝ! ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊሄድ ሲል…»

አልጨረሱትም። መገርሳ ካቴናውን ከአሥር አለቃው እጅ ነጥቆ ራሱ አሰራቸው፣ ከሚገባው በላይ አጥብቆ።

የእስረኛው መኪና በሰዓቱ ደረሰ፤ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። ወይዘሮ ማሪቱ ከሞቱማ እግር ሥር ተደፉ።

«በማርያም፣ ይቅር በለኝ። ዐውቄ ዝም አልኩ።»

ሞቱማ የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ ሊያነሣቸው ጎንበስ ሲል ድንቅቱ ክንዱን ያዘችው።

«ተዋቸው» አለች። ከዚያ ወደ ማኅበርተኞቹ ዞረች። «ባሌን ጭነውት ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ ሐሙስ ዕለት መጥታችሁ ትጠርጉ ነበር፤ አይደል?»

ባሏን ይዛ ዳገቱን ወጣች።