ሞተሩ ዘለለ?

«ትንሽ ከፍ... ትንሽ... ቁም አባዬ! አለፈ!»

አባቷ የክሪኩን እጀታ ለቀቀ። ልጅቷ ፒክአፑ ስር በጀርባዋ ተንጋልላለች፤ የእጅ ባትሪውን በአገጯና በትከሻዋ መሃል ሸጉጣ የካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ የቡሎን ቀዳዳ ታያለች።

«ምን ያህል አለፈ?»

«የጥፍር ያህል።»

«የማን ጥፍር? ያንቺ ከሆነ ብዙ ነው፣ ፍንዳታ።»

«ያንተ። ያውም ተነክሶ ያለቀው።»

ሳቀ። ክሪኩን ዝቅ ሲያደርገው ቡሎኑ ሰተት ብሎ ገባ።

የመጨረሻው ሱፖርት ነበር። ሱፖርት ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን ከመኪናው አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ መሃሉ ጎማ የሆነ ብረት ነው። የአሮጌዎቹ ጎማ እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰነጣጥቆ ስለነበር፣ መኪናው በተነሳ ቁጥር ሞተሩ እንደ ታሰረ ወይፈን ይዘል ነበር። አባቷም «በዚህ ሁኔታ ሩቅ መንገድ አልወጣም» ብሎ ቤት ዋለ። ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሰው ነበር። እጁን ግራሶ የበላው፣ ቀልዱ የደረቀ፣ ግን ሰው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል፤ ለአምስት ሳምንት። አለቃው ጠዋት ደውሎ፣ «እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስክ መስመሩን ለሌላ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ» ብሎታል። እሷም እንደ ወትሮው ልብሷን በፌስታል አድርጋ አክስቷ ቤት ትገባለች። አክስቷ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆንማ ቢያንስ የሚጣሏት ሰው ትገኝ ነበር። ሁለቱም ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ነው። «በላሽ?» «በላሁ።» «አጠናሽ?» «አጠናሁ።» በቃ። ሰፈሩ የሚፈራው ምላሷ አምስት ሳምንት ሙሉ ዝጎ ይከርማል።

አባቷ ኮፈኑን ከፍቶ በድጋፉ ብረት አቆመው።

«ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። እጅሽን እንዳታስገቢ! እኔ ፍሬን ረግጬ፣ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ እሰጠዋለሁ። ሞተሩ ይዝለል አይዝለል የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። ከውስጥ ሆኜ ለእኔ አይታየኝም።»

ገብቶ በሩን ዘጋ። ኮፈኑ በመሃላቸው እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማት። ሞተሩ አጓራ። አፍጥጣ አየችው። ትንሽ ተወጠረ እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንደ ጨዋ ልጅ ቁጭ!

«እህስ?» አለ አባቷ።

አፏ ቀደማት። «ዘለለ!»

«ዘለለ?»

«በጣም! በግራ በኩል!»

ሞተሩ ጠፋ። አሁን ወርዶ ራሱ ያያል፣ «ሂጂ ዓይንሽን ታጠቢ» ይለኛል ብላ ጠበቀች። መልሱንም አዘጋጅታ ነበር። አልወረደም። ስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«አለቃ፣ ዛሬ የምደርስ አይመስለኝም። አሁንም ይዘላል... አይ፣ እኔማ አላየሁም፣ ልጄ ናት ያየችው... ኧረ ልጅ ብትሆንም! እሷ አየሁ ካለች አይታለች ማለት ነው።»

ከዚያ «እህ... እህ...» እያለ አለቃውን አዳመጠ። ሲናገር ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ለዛሬ ብቻ ነው ወይስ ለሁልጊዜው? ... እሺ። ገባኝ። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ...»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቢጠራጠራት እንኳ ትከራከረው ነበር፤ ለክርክር ማን ብሏት! ለሚያምን ሰው ግን ምን መልስ አለ?

«አባዬ! ስልኩን አትዝጋው!»

«ምን ሆንሽ?»

«አንዴ ድገምልኝ። በደንብ ልየው።»

«አንድ ደቂቃ አለቃ» አለ አባቷ። ሞተሩ ተነሳ፤ ከቅድሙ የበለጠ አጓራ። ማየት አላስፈለጋትም። አዲሱን ጥቁር ጎማ እያየች ትንሽ ቆየች፤ በዚህ ድምፅ መሃል ምንም ብትል ማንም አይሰማም።

«አልዘለለም» አለች።

«ምን?»

«አልዘለለም!»

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ!»

«አልዘለለም አልኩህ! ቅድምም አልዘለለም!»

ሞተሩ ጠፋ። ግቢው ጸጥ ሲል «ቅድምም» ያለችው ቃል አየር ላይ የቀረ መሰላት። ከኮፈኑ ወዲያ አባቷ ቀስ ብሎ፣ «አለቃ፣ ለማንም አትስጠው። ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ» አለ።

ከመኪናው ግን አልወረደም። እሷም ከኮፈኑ ጀርባ ቆማ ቀረች። ብታወርደው ፊቱን ታያለች፤ እሱም ያያታል።

የድጋፉን ብረት ነቀለች። ኮፈኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች አወረደችው።